መጋረጃ ሳቢውም ይቆጠር
በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ተማሪዎች የቴአትር የክብር ማኅበር እንድናገር 20 ደቂቃ ሰጥቶኛል። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ። ሰው ማስተኛት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ በንግግሬ መሀል የሚያንቀላፋ ቢኖር አልቀየምም፤ እንደ ሥራ ነው የምቆጥረው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ማኅበራችን በእኛ ጊዜ ጀምሮ በኋላ የተዳከመውን የቴአትር የክብር ማኅበር እንደገና ለማቋቋም ወስኗል። ረቂቅ ደንቡም ነገ ጠዋት ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው መልካም ነው፤ የደከሙበት ሰዎች ይመስገኑ። ሁለት አንቀጾች ግን እንቅልፍ ነሡኝ። አንደኛው፣ አባል ለመሆን አማካይ ውጤቱ ከ3.25 በላይ የሆነ ተማሪ ብቻ ይመዝገብ ይላል። ሁለተኛው፣ አባላት የሚመረጡት «በመድረክ ላይ ባሳዩት ብቃት» ነው ይላል። ዛሬ የምለምናችሁ እነዚህን ሁለቱን እንድታወጧቸው ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነገሩ እንዴት እንደተጀመረና እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ረስተነዋል፣ አዳዲሶቹ መምህራን ደግሞ አልነበሩም።

እኔ ወደዚህ ግቢ የገባሁት በ1993 ዓ.ም. ነው። የቴአትር ክበቡ ያኔም ነበረ፤ ግን እንደ ብዙ ክበብ በሁለት ሦስት ሰው ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር። የሚተውኑት ይጨበጨብላቸዋል፣ ካፌ ሲገቡ ስማቸው ይጠራል። መብራት የሚይዘው፣ ልብስ ከየዶርሙ የሚለምነው፣ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስታውሰው ግን አንድ ዝግጅት ይሠራና በሁለተኛው ይጠፋል። ቢጠፋ አይፈረድበትም። ማንም አላየውማ።

በ1995 ዓ.ም. የክበቡ አማካሪ የነበሩት የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ሐሳብ አመጡ። በአሜሪካ ኮሌጆች «አልፋ ሳይ ኦሜጋ» የሚባል የቴአትር የክብር ማኅበር እንዳለ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1925 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ፌርሞንት ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የተጀመረ ነው። በየኮሌጁ ያለውን ቅርንጫፍ ልክ እንደ አንድ ተውኔት ተዋንያን «ካስት» ብለው ይጠሩታል። እኛን የማረከን ግን ስሙ አይደለም። አባልነት የሚገኘው በሥራ በተጠራቀመ ነጥብ መሆኑና ነጥቡም ከመድረክ ፊትም ከመድረክ ጀርባም መቆጠሩ ነው። መምህራችን «የግሪክ ፊደሉን ተዉት፤ መዝገቡን ግን ውሰዱት» አሉን። ወሰድነው።

እኔ ያኔ የክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በኋላ ሰብሳቢ ሆንኩ። መዝገቡ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የተገዛ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። በእያንዳንዱ ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይ የሚጫወት 10 ነጥብ፣ ትንሽ ክፍል ያለው 6 ነጥብ ያገኛል። መድረክ የሚያዘጋጅ 8፣ ቃል የሚያቀብል 8፣ አልባሳት የሚያሰባስብና የሚመልስ 6፤ «የሚመልስ» የሚለው ቃል ላይ ሁለት መሥመር ተሰምሮበታል፣ ምክንያቱም ከአንዷ ጓደኛችን አያት የተዋስነው ካባ ለሦስት ወር ዶርም ውስጥ ተሰቅሎ ቀርቶ ሴትዮዋ ራሳቸው ሊፈልጉት መጥተዋል። ትኬት መሸጥ 4፣ ወንበር ማመላለስና አዳራሽ መጥረግ 3። 40 ነጥብ የሞላ ሰው ለክብር አባልነት ይታጫል። አንድ ግዴታ ግን አለ፤ ከ40ው ቢያንስ 15ቱ ከመጋረጃ ጀርባ የተገኘ መሆን አለበት። በትወና ብቻ ማንም አይገባም። በመጋረጃ ጀርባ ሥራ ብቻ ግን መግባት ይቻላል።

ደብተሩ ክፍት ነበር። ማንም ተማሪ መጥቶ የራሱንም የሌላውንም ነጥብ ያያል። በየልምምዱ የመጣ ይፈርማል፤ የቀረ ባዶ ይሆናል። ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ይቆማል። ይህን ያወጣነው እኛው ራሳችን ነን፤ አናቶሚ የሚወድቅ ተዋናይ ለክበቡም ለአገርም አይጠቅምም ብለን። ለክብር የሚታጩትን የሚመርጠው ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። አማካሪው መምህር ይገኛሉ፣ ይመክራሉ፣ ድምፅ ግን አይሰጡም።

ይህ ደንብ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የተፈተነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት አንድ ጎበዝ ተዋናይ ነበረን። ግቢው በሙሉ የሚጠራው በራሱ ስም ሳይሆን በተጫወተው ገጸ ባሕርይ ስም ነበር፤ ነርሶች ሳይቀሩ ዋርድ ውስጥ በዚያው ስም ይጠሩት ነበር። ነጥቡ 52 ደርሷል። ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ግን 3 ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ተለምኖ አዳራሽ የጠረገበት። ወንበር አመላልስ ሲባል «እኔ ተዋናይ ነኝ እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም» አለ። የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። እሱ ካኮረፈ ዝግጅቱ ይበላሻል። ኮሚቴው እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከረ። ግማሹ «ለአንድ ጊዜ ደንቡን እናላላ» አለ። እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ለእሱ ካላላነው 38 ነጥብ ይዞ ሁለት ነጥብ የጎደለውን መብራት ያዥ ምን ብለን እንመልሰዋለን? ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለሦስት። አልገባም።

ፈቃዱን ጠይቄ ነው የማወራው፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጧል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ አላናገረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ግን መጥቶ መብራት ላይ ሠራ፤ 15ቱን ሞላ፤ ገባ። ሰውየው ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም፤ እስከ ዛሬ ወንበር መሸከም አይወድም፤ ዛሬም ሲሸከም አላየሁትም። ሌሎቹ ግን ያቺን ሌሊት አይተዋል። ከዚያ በኋላ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው አጥተን አናውቅም።

አሁን ደግሞ ይህ መዝገብ ከቴአትር ያለፈ ምን ጥቅም እንዳለው ያሳየኝን ነገር ልንገራችሁ። የሰውየውን ማንነት አልናገርም፤ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂ ተማሪ ነበር ብቻ ልበል። መጋረጃ ይስባል። ዝምተኛ ነው፤ ቡና እንጠጣ ሲባል እንኳ «እሺ» ብሎ ዝም ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ልምምድ አልቀረም። ውጤቱ ደካማ ነበር፤ በረቂቁ መለኪያ ቢሆን በሩንም አያልፍም። አንድ ሳምንት ላይ መዝገብ የምትይዘው ልጅ መጥታ «ፊርማው ሁለት ቀን ባዶ ነው» አለችኝ። መጋረጃውን ሌላ ሰው ስቦት ነበር፤ ልምምዱም ያለችግር አልቋል። እውነቱን ለመናገር ፊርማው ባይኖር ማናችንም አናስተውልም ነበር።

ሁለት ልጆች ወደ ዶርሙ ሄዱ። ሻንጣውን ዘግቶ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኙት። አባቱ አርፈው ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሱ ነው፤ ከኋላው አራት ታናናሾች አሉ። በማግስቱ ሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሊሄድና ላይመለስ ወስኗል። ለማንም አልተናገረም። ለማን ይናገር? ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ከ60 ተማሪዎች አንዱ ነው፤ ካፌው ውስጥ አንድ የምግብ ካርድ ነው።

እናንተ የሬጅስትራር አሠራር የምታውቁ ሰዎች እንደምትረዱት፣ የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቶ የሄደ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት አመልክቶ ይመለሳል። ዝም ብሎ የጠፋ ግን ያ ሴሚስተር በሙሉ «ኤፍ» ሆኖ ይመዘገብበታል፤ መመለሻው ይዘጋል። እሱ ይህን አያውቅም ነበር። እነዚያ ሁለት ልጆች ጠዋት ይዘውት ወጡ፤ አማካሪያችን ደብዳቤ ጻፉ፤ ቅጹ ተሞላ። ከክበቡ ሳጥን የትኬት ገንዘብ አውጥተን ለመሳፈሪያና ለለቅሶው የሚሆን ሰጠነው። ሄደ፤ ቀበረ፤ ቤቱን አደላደለ። በዓመቱ ተመለሰና ተመረቀ። ዛሬ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነው። በዚያ አካባቢ የሚሠሩ ሐኪሞች ሁሉ የሚያምኑት የእሱን ውጤት ነው።

ይህን የምነግራችሁ እኛ ደጎች ነበርን ለማለት አይደለም። ደግነት በየዶርሙ ሞልቶ ነበር። ችግሩ ደግነት የማያየውን ሰው አይፈልግም። እኛን ያሳየን ደብተሩ ነው። ሰውየውን ስለቆጠርነው ነው ያጣነው፤ ስላጣነው ነው የፈለግነው።

ሌላም አለ። የያኔው ዘመን የኤችአይቪ ዘመን ነው። ጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ዋርዳችን ምን ይመስል እንደነበር አብረን አይተናል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሰው ለመመርመር ይፈራ ነበር። የራሳችንን አጭር ተውኔት ጽፈን በገበያ ቀን በአቅራቢያችን ያሉ ከተሞች እየሄድን እናሳይ ነበር። ካሳየን በኋላ ሕዝቡ ጥያቄ ካለው እንዲጠይቅ ዋናዎቹ ተዋንያን ከፊት ይቆማሉ። አንድም ሰው አይጠይቃቸውም። ሕዝቡ ያጨበጭብና ይበተናል። ጥያቄው የሚመጣው በኋላ ነው፤ አግዳሚ ለምትመልሰው ልጅ፣ ልብስ ለሚያጥፈው ልጅ። ሴትየዋ ጠጋ ትልና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ ምርመራው የት ነው? ስም ይጠየቃል ወይ?» ትላለች። ለዚህ ነው መልስ የሚሰጠውን ሥልጠና ለሁሉም ያደረግነው፤ ለወንበር ተሸካሚውም ጭምር። ሕዝቡ የሚያምነው ማንን እንደሆነ ያስተማረን ሕዝቡ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ መምህራን «ዶክተር፣ መልካም ነው፤ ግን ሐኪምን ከቴአትር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን «የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሙያቸው ቴአትር አልነበረም። በሩሲያ የመድፈኛ መኮንንነት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ተውኔታቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ የጀመሩት ነገር ግን ቀረ። ከውጭም ካነሣን አንቶን ቼኾቭ ሐኪም ነበር። ቴአትር የባለሙያው ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ለሕክምና ትምህርቱም ቢሆን ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ጤነኛ ሰው እንደ ታማሚ ሆኖ እንዲቀርብ አሠልጥኖ ተማሪዎቹን መመዘን ጀመረ። በ1975 ደግሞ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ዳንዲ «ኦስኪ» ብለን የምንጠራውን በየጣቢያው የሚሰጥ የክሊኒክ ፈተና አስተዋወቁ። ዛሬ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ታማሚ ሆኖ የሚቀርብ የሠለጠነ ሰው ይፈለጋል። የክብር ማኅበሩ አባላት ለታናናሾቻቸው ልምምድ ታማሚ ሆነው ቢቀርቡና ይህም ነጥብ ቢያስገኝላቸው ትምህርት ክፍሉም ይጠቀማል። ለዋናው ፈተና ግን ተማሪ ተማሪን አይፈትን፤ ለዚያ ከግቢ ውጭ ያለ ሰው ይሠልጥን።

ወደ ሥራዬ ልምጣና ልጨርስ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በእኔና በቀዶ ሐኪሙ መካከል ጨርቅ ይዘረጋል። ከጨርቁ ወዲያ ያለውን ሰው ቤተሰብ ያመሰግነዋል፣ ስሙን ያውቀዋል፤ ይገባዋልም። ከጨርቁ ወዲህ ያለነውን ታማሚውም ተኝቷልና አያየንም። እኔ በዚህ ተከፍቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት መዝገብ ይዣለሁና የመጋረጃ ጀርባ ሥራ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ 19 ነጥቦች አሉት። ከነዚህ አንዱ፣ ቆዳ ከመከፈቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር የሚያዝ ነው። መጠይቁ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ ሲወጣ፣ የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ የጤና መወሳሰብ ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ይህ ሁሉ ስም በመናገር ብቻ የመጣ አይደለም፤ 18 ሌሎች ነጥቦች አሉ። ግን በእኛ ክፍል እንዲህ አየሁ፤ ስሙን የተናገረ ሰው የጎደለ ነገር ሲያይ ይናገራል። ስሙ ያልተጠራ ሰው «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ዝም ይላል። የጎደለ የጋዝ ጥቅል እንዳለ ቀድማ የተናገረችው አንዴ የጽዳት ሠራተኛችን ናት። በዚያ ቀን ጠዋት ስሟን ከሁላችን ጋር ተናግራ ነበር።

እንግዲህ ስለ ረቂቁ የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የ3.25 መለኪያው ይውጣ። ዩኒቨርሲቲው «ትምህርቱን መቀጠል ይችላል» ያለውን ተማሪ እኛ «ለክብር አይበቃም» አንበለው። ለውጤት የሚሰጥ ሽልማት አለ፤ ሜዳሊያ አለ፤ ቸካዮቻችን አልተበደሉም። እኔም ቸካይ ነበርኩ። የትምህርት ጊዜ ይሻማል ለሚለው ስጋት መልሱ ውጤት መጠየቅ አይደለም፤ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ማቆም ነው። ያንን ደንብ አስገቡት።

ሁለተኛ፣ «በመድረክ ላይ ብቃት» የሚለው በነጥብ መዝገብ ይተካ፤ ከነጥቡም ከሲሶ ያላነሰው ከመጋረጃ ጀርባ ይሁን። ብቃትን የሚመዝን ኮሚቴ መልክና ድምፅ ይመዝናል። ነጥብ የሚቆጥር ኮሚቴ ሥራ ይቆጥራል።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ ክፍት ይሁን፤ የሚይዙትም ተማሪዎች ይሁኑ። የተከበራችሁ መምህራን፣ አማካሪ ሁኑ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ በር ክፈቱ፤ እርሳሱን ግን ለልጆቹ ተዉላቸው። ሰው መቁጠር የሚማሩት እነሱ ናቸው። ነገ ዋርድ የሚመሩትም እነሱ ናቸው። ሁለት ልምምድ ያለ ምክንያት የቀረን ሰው ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው በስም ይመደብ።

አራተኛው ለእኛ ለቀድሞ ተማሪዎች ነው። ከእኛ መካከል ዋንጫና የምስክር ወረቀት ለማሠራት ያዋጣችሁ አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን አዳራሹን ዛሬ ከሰዓት ዞሬ አየሁት። መጋረጃው አንድ ወገን ላይ በሽቦ ታስሮ ቆሟል። የመድረክ መብራት ከሚባሉት የሚበሩት ሁለት ናቸው። ዋንጫው ይቆየን። በመጀመሪያ መጋረጃው የሚሄድበትን ሀዲድና ገመድ፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል አነስተኛ ጄኔሬተር እናሟላ። የሥራ ዕቃ የሌለው ሰው ሥራው አይታይለትም። ለገመዱና ለሀዲዱ የሚያስፈልገውን እኔ በግሌ እችላለሁ፤ መብራቱን የሚችል ሰው ሲወጣ በር ላይ ያግኘኝ። ያኮረፈው ተዋናያችንም ቢሆን።

ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጉባኤው ይከፈታል። አንቀጽ 4 እና አንቀጽ 7 ላይ ሲደረስ ማሻሻያ አቀርባለሁ። እጅ ስታወጡ ያቺን ሁለት ቀን ባዶ የሆነች ፊርማ አስቡልኝ። በረቂቁ ደንብ ብንመራ ኖሮ ያ ልጅ የመፈረሚያ ቦታም አልነበረውም።